ለጠቆመ መቶ ብር

ሥራ የጀመርሁት በሃምሳዎቹ አጋማሽ፣ ከዩኒቨርሲቲ በወጣሁ በሁለተኛው ወር፣ የካ ውስጥ በነበረ አንድ የፖሊስ ጽሕፈት ቤት ነው። የተመደብሁበት ክፍል አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ የጽሕፈት መኪናና አንድ የማይዘጋ መስኮት ነበረው። ሥራው ሁለት ነው። ለጠፋ ሰውና ገዳዩ ላልታወቀ ሟች የወሮታ ማስታወቂያ ማዘጋጀት፣ ከዚያም "አውቃለሁ" ብሎ የሚመጣውን ሰው ቃል መቀበል።

አለቃዬ ሻምበል በዛብህ ማመልከቻዬን ቆመው አነበቡት።

"ምን ነበር የተማርሽው?"

"ታሪክ።"

"ታሪክማ እዚህ ሞልቶ ፈሷል። የጎደለን የሚተይብ ሰው ነው።"

ወዲያው የማስታወቂያውን ናሙና ሰጡኝ። "ስሙንና ቀኑን ብቻ ነው የምትለውጪው" አሉኝ። ናሙናው "ቁመቱ መካከለኛ፣ መልኩ የቀይ ዳማ፣ ጋቢ የደረበ፣ በትር የያዘ" ይላል። በመስኮቱ ብመለከት፣ መንግሥት የሚፈልጋቸው አራት ሰዎች ተከታትለው ሲያልፉ አየሁ። በሩ ላይ የቆሙት ሃምሳ አለቃ ቱሉም አንብበውት ኖሮ፣ "ሻምበል፣ በዚህ ምልክት እርስዎን ይዤ ብቀርብ ወሮታው ይከፈለኛል?" ሲሉ ጠየቁ። ሻምበል በዛብህ በእርግጥም መካከለኛና የቀይ ዳማ ነበሩ። አልሳቁም።

ሃምሳ አለቃ ቱሉ ተወልደው ያደጉት ከእንጦጦ ጀርባ ነው። በኦሮምኛ ይቀልዳሉ፣ በአማርኛ ይተርባሉ። ማስታወቂያ የሚለጥፉት እሳቸው ነበሩ፤ አንዱን የካ ሚካኤል አጠገብ፣ አንዱን ወደ እንጦጦ ማርያም በሚያወጣው ዳገት ሥር። ሙጫ ስለማይሰጠን በዱቄት ሊጥ ነበር የሚለጥፉት። ሊጡን ፍየል ትወደዋለች፤ ሊጡን ስትልስ ወረቀቱንም አብራ ታነሣዋለች። አንድ ቀን ሃምሳ አለቃ አንዲት ፍየል እየጎተቱ እስከ ግቢያችን ድረስ መጡና፣ "ሻምበል፣ ከአገሩ ሰው ሁሉ ማስታወቂያችንን አጥብቃ ያየችው ይህች ናት። ቃሏን እንቀበል" አሉ።

ወሮታው መቶ ብር ነበር። በዚያን ጊዜ መቶ ብር ለብዙ ሰው ያላየውን ያስታውሰዋል። አንድ ደብተራ የጠፋውን ሰው በሕልማቸው አይተውት ኖሮ፣ የቀረውን ሕልም እንዲያዩት ግማሹ አስቀድሞ እንዲከፈላቸው ጠየቁ። አንድ የሽሮ ሜዳ ነጋዴ ደግሞ የሚስቱን ወንድም በሦስት ግድያ ጠቆመ። ሁለቱ ግድያዎች በአንድ ጠዋት፣ አንዱ ቃሊቲ አንዱ ሱሉልታ የተፈጸሙ ነበሩ። ሻምበል ይህን አንሥተው ቢያፋጥጡት፣ "እሱን አያውቁትም ጌታዬ፤ እግሩ ፈጣን ነው" አለ።

ወይዘሮ አስካለ ወደ እኛ መመላለስ የጀመሩት በዚያው ዓመት፣ ክረምቱ ሲወጣ ነው። ባላቸው አቶ መኩሪያ ከእንጦጦ ማርያም በታች የአንድ ባለርስት ባሕር ዛፍ ዘበኛ ነበሩ። ሐምሌ ላይ፣ ዝናቡ አባርቶ በነበረበት አንድ ጠዋት፣ ዱላቸውን ይዘው ወጡ፤ አልተመለሱም።

ወይዘሮ አስካለ ማክሰኞ ማክሰኞ ይመጣሉ።

"ሻምበል፣ ዛሬስ?"

"ምርመራው ቀጥሏል።"

"እሱ ከቀጠለ ደህና። የቆመው ባሌ ነው።"

ባላቸው ጠላት ነበራቸው ወይ ብለው ሻምበል ጠየቋቸው።

"ዘበኛ እኮ ነበር። ጉቦኛም ነበር። ከአንዷ ዶሮ ይቀበላል፣ ከአንዷ እንቁላል። ወዳጅ ነበረው ወይ ብለው ቢጠይቁኝ ይሻላል፤ መልሱ አጭር ነው።"

ሻምበል ወጡና ሁለታችን ቀረን። ያን ጊዜ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"እድሩ ሬሳ ሳይኖር ድንኳን አልተክልም አለኝ። ቄሱም መሞቱ ሳይታወቅ አልፈታም አሉ። ነጠላዬን እንኳ እንዴት እንደምለብሰው ቸገረኝ። ጥለቱን እንደ ሐዘንተኛ ወደ ላይ ላድርገው? እንደ ደህና ሰው ወደ ታች ልተወው? ጎረቤት 'አይዞሽ' ይለኛል፤ ለምኑ እንደሆነ ግን አይነግረኝም። ሕይወቱን ካጣችሁት ሬሳውን ስጡኝ፤ አልቅሼ ልረፍ።"

የባላቸውን ምልክት ጠየቅኋቸው። የግራ ጫማው ተረከዝ በመኪና ጎማ የተጠገነ መሆኑን፣ ሲናደድም እንደሚያስነጥሰው ነገሩኝ። ሁለቱንም ተየብሁ። ሻምበል ማስነጠሱን ሰረዙት። "መንግሥት ስለ ማስነጠስ አያወራም" አሉ። ከታች ያለውን የዘወትር መስመር ግን ሳይነኩ ፈረሙበት፤ "የጠቋሚው ስም ለማንም አይነገርም" ይላል።

ማስታወቂያው ወጣ፤ ሦስት ሳምንት አንድም ሰው አልመጣም። ደብተራው እንኳ አላለሙም።

በአራተኛው ሳምንት አንዲት ወጣት ሴት በሩ ላይ ቆመች። የቀሚሷ ትከሻ በገመድ ተበልቷል። "የዘበኛውን ነገር ነው" አለች።

አስቀመጥኋትና ቅጹን አወጣሁ። ያን ቅጽ ማን እንዳዘጋጀው አላውቅም፤ ጠቋሚንና ተከሳሽን ለይቶ የሚያውቅ ሰው ግን አልነበረም። ተራ ቁጥር አንድ "በዕለቱ በሥፍራው ምን ትሠራ ነበር?" ይላል። ያየውን የሚጠየቀው ተራ ቁጥር ሰባት ላይ ነው። ስሙና የአውራ ጣቱ አሻራ መጨረሻ ላይ ይመጣሉ። እኔ በታዘዝሁት መሠረት ከአንድ ጀመርሁ።

"በዕለቱ በሥፍራው ምን ትሠሪ ነበር?"

ወደ ቅጹ አየች፣ ወደ በሩ አየች። "ምንም። ተሳስቼ ነው የመጣሁት" ብላ ሄደች።

ነገሩን ለሃምሳ አለቃ ቱሉ ነገርኋቸው። ሊጣቸውን እያማሰሉ ሰሙኝ።

"ልጄ፣ ከማርያም በታች ባለው ጫካ ሰው ምን ይሠራል? ወይ እንጨት ይሰርቃል፣ ወይ እንጨት ይጠብቃል። የሚጠብቀው ጠፍቷል። የቀረሽ ማነው?"

"የሚሰርቀው።"

"እንግዲህ ሌባውን ጠርተሽ፣ ከሁሉ አስቀድመሽ 'ስትሰርቂ ነበር ወይ?' አልሻት። በመቶ ብር ማን ራሱን ያሳስራል?"

ይህን በሌላ አነጋገር ለሻምበል አቀረብሁ። ጥያቄው ወደ መጨረሻ ቢዞር ምን ይመስላቸዋል አልሁ። "ቅጹ ከላይ የመጣ ነው" አሉ። ከላይ የመጣ ነገር በየካ አይገለበጥም።

ሴትየዋ ከአሥር ቀን በኋላ ተመለሰች። ማክሰኞ ነበር፤ ወይዘሮ አስካለ ገና መውጣታቸው ነው። ደረጃው ላይ ሳይተላለፉ አልቀሩም። አሁን ቅጹን አላወጣሁም። በጽሕፈት መኪናው ላይ አዲስ ካርቦን ማስገባት ጀመርሁ። ሰው ዓይን ዓይኑን እያዩ ማናገር ከድሮም አልችልበትም፤ ያን ዕለት ጠቀመኝ።

"ያቺ ሴትዮ አሁንም ትመላለሳለች?" አለችኝ።

"በየሳምንቱ።"



"አንዲት ሴት ናት" አለች። "እንጨት ተሸክማ ስትወርድ ዘበኛው አገኛት። ድርሻዬን አምጪ አላት፤ ዶሮ የላትም፣ እንቁላል የላትም። ገመዷን ሊቀማ ያዘ። ገመድ ከተቀማች ነገ በምን ትሸከማለች? ሸክሙን ጥላ ገመዱን ይዛ ሮጠች። ተከተላት። ከሦስቱ ጉቶዎች በታች መሬቱ ጭቃ ነው፤ እሷ በባዶ እግሯ ነች፣ እሱ ያን የሚያህል ጫማ አድርጓል።"

ካርቦኑን አወጣሁና መልሼ አስገባሁት።

"ሄደ። ገደል ነው እታች። ሁለት ጊዜ ተጣራ። ከዚያ ዝም አለ።"

"ሴትየዋስ?"

"እሷማ ሮጠች። ገፋችው ይሉኛል ብላ... ይሏታል ብላ ሮጠች።"

ስሟን አልጠየቅሁም። ከየትኛው ዳገት ሲወርዱ ሦስቱ ጉቶዎች እንደሚገኙ ብቻ አስረድታኝ ተነሣች። መቶ ብሩን ለመቀበል ስምና አሻራ እንደሚያስፈልግ የመንገር ግዴታ ስለነበረብኝ ነገርኋት።

"በመቶ ብር አውራ ጣቴን አልሸጥም" አለች።

በማግስቱ ሃምሳ አለቃ ቱሉ ከሁለት ፖሊሶች ጋር በገመድ ወርደው አቶ መኩሪያን አገኟቸው። አራት ወር አልፏልና ከሰውየው ይልቅ ጫማው ደህና ነበር። የግራው ተረከዝ ጎማ ነው።

ሻምበል ቀኑን ሙሉ ደስ ብሏቸው ዋሉ። ማታ ላይ ግን ጠሩኝ።

"አሁን ጠቋሚውን አምጪ።"

"ስም አልመዘገብሁም፣ ሻምበል።"

"ቦታውን ከነጉቶው የሚያውቅ ሰው ገፍቶትም ይሆናል። ይህን ዩኒቨርሲቲ አላስተማሩሽም?"

አልተሳሳቱም። እኔም የሰማሁት የአንድ ሰው ቃል ነው፤ ውሸት ሊሆን ይችላል። ግን እሷ ባትመጣ ኖሮ ሬሳው እስካሁን ገደል ውስጥ መሆኑን አውቃለሁ። ከሬሳ አጠገብ ነበርሁ ያለ ድሃ ምን እንደሚደርስበትም በዚያ ቤት ለጥቂት ወራት ተይቤዋለሁ።

"ማስታወቂያው የጠቋሚው ስም ለማንም አይነገርም ይላል" አልሁ።

"ምን አልሽ? ድምፅሽን ከፍ አድርጊ።"

ደገምሁት። "የፈረሙበትም እርስዎ ነዎት" የሚለውን ሳላስበው ጨመርሁበት። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ባሰ።

ሃምሳ አለቃ ቱሉ ጣልቃ ገቡ። "ሻምበል፣ ድሮ አገሩ ሁሉ ሜዳ ላይ ተሰብስቦ አውጫጭኝ ሲቀመጥ የነገረን ሰው ስም የሚጠይቅ አልነበረም። 'ወፍ ነገረን' ይባላል፤ ወፍ ደግሞ አይታሰርም።"

"ይህ ሜዳ አይደለም፣ ቢሮ ነው!" አሉ ሻምበል። ወደ እኔ ዞሩ። "እስከ ማክሰኞ ስሙን ታመጪያለሽ። አለዚያ የጽሕፈት መኪናውን ታስረክቢያለሽ።"

እስከ ማክሰኞ ስድስት ቀን ነበር። ሁለት የሥራ ማመልከቻ ጻፍሁ፤ በመንግሥት የጽሕፈት መኪና መሆኑን አልክድም።

የሐኪም ምርመራው አልቆ ማክሰኞ ወይዘሮ አስካለ ሬሳውን ለመረከብ መጡ። ሻምበል ወንበር ሰጧቸው።

"ገፍተውት እንደሆነ ወይም ወድቆ እንደሆነ አልታወቀም" አሉ፤ "ያየ ሰው አለ፤ ጸሐፊዋ ደብቃዋለች።"

"የት ነው የተገኘው?"

"ከሦስቱ ጉቶዎች በታች" አሉ ሃምሳ አለቃ።

ወይዘሮ አስካለ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ሊያለቅሱ ነው ብዬ ውሃ ላመጣ ተነሣሁ። እየሳቁ ነበር።

"እኔና መኩሪያ የተዋወቅነው እዚያ ነው" አሉ።

"እንዴት?"

"እንጨት ስሰርቅ ሲያባርረኝ ነዋ! ያቺን ቁልቁለት እኔ እንደ ፍየል ነበር የምወርዳት። እሱ ሁለት ጊዜ ተንከባለለባት። በሁለተኛው ጊዜ በገመዴ ጎትቼ ያወጣሁት እኔ ነኝ። በሳምንቱ ሽማግሌ ላከ።" ሳቁ ቆመ። "በሦስተኛው ጊዜ የሚያወጣው አጣ።"



"በማን ላይ ክስ ያቀርባሉ?" አሉ ሻምበል ቀስ ብለው።

"በማን ላቅርብ? በጭቃው?" ወደ እኔ ዞሩ። "አንቺን ማን እንደ ነገረሽ አልጠይቅሽም። ለመጎተት እንኳ ከብዶ ነበር፤ የበላው ዶሮ ቀላል ነው?"

ከዚያ በኋላ ነው ያለቀሱት፤ ብዙ አለቀሱ።

ሻምበል መዝገቡን አስመጡና ቃል ነገሩኝ፤ እኔ ተየብሁ፦ "በመውደቅ አደጋ።" ማኅተም ተመታበት። መቶ ብሩ ጠያቂ ስላልነበረው ተመላሽ ሆነ። ስለ ስሙም ስለ ጽሕፈት መኪናውም ዳግመኛ አልተነሣም፤ ሻምበል ይቅርታ የሚጠይቁት ነገሩን በመርሳት ነበር።

እድሩ በማግስቱ ድንኳን ተከለ። ሄጄ ከሴቶቹ ጋር ተቀመጥሁ። ትከሻቸው በገመድ የተበላ ብዙዎች ነበሩ፤ ጠቋሚዬ የትኛዋ እንደሆነች ለማየት ቀና አላልሁም።

በዚህ ሥራ እነሆ አሥር ዓመት ሊሞላኝ ነው። ቅጹ አልተለወጠም። እኔ ከተራ ቁጥር ሰባት እጀምራለሁ፤ አዲስ ለሚመደቡ ጸሐፊዎችም የማሳየው ይህንኑ ነው። ሰው አስቀድሞ ያየውን ይጠየቅ። ምን ሲሠራ እንዳየው በኋላ ይደረስበታል፤ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ አያስፈልግም።