ነጠላ የለበሰ ሚክሰር

በሠርግ ላይ ሙዚቃ የማጫውት ሰው ነኝና የሌባን ሰዓት አውቃለሁ። ሙሽራ ስትወጣ ነው። ያን ጊዜ እናት ታለቅሳለች፣ ሚዜ ይጨፍራል፣ ዳሱ ባዶውን ይቀራል። ማይክሮፎንም ሆነ ገመድ የጠፋብኝ ሁሌ በዚያች ሰዓት ነው። ዘበኛ ብትቀጥር እሱም ሙሽራ ሊያይ ይወጣል! ስለዚህ እዚሁ ደብረ ማርቆስ የጎረቤቴ ልጅ ስትዳር ዘዴ ፈጠርኩ፤ ድምፅ መቀላቀያውን ሚክሰሬን የማኖረው በልብስ ሻንጣ ሆነ፣ ላዩን ደግሞ የእናቴን ነጠላ አለበስኩት። የአሮጊት ልብስ ለሌባ ምን ያደርግለታል? በብልጠቴ ኮራሁ።

ሙሽራው ልጅቷን የሚወስዳት ወደ አገሩ፣ ደብረ ወርቅ አካባቢ ነው። ከበሮው ወደ ደጅ ሲወጣ ሚክሰሩን ነቅዬ ሻንጣው ውስጥ ከተትኩ፤ ነጠላውን ሸፈን አድርጌ ድምፅ ማጉያ ሞንታርቦዎቹን ከመቆሚያቸው ላወርድ ዞርኩ። ስመለስ ሻንጣው የለም።

ቆሌዬ ተገፈፈ። ያለ ሚክሰር ሞንታርቦ ባዶ ሳጥን ነው፤ በዚያ ላይ ደጀን ሌላ ሠርግ ይዣለሁ። ያቺ እቃ እንጀራዬ ናት። «ሌባ! ዓይን አውጣ ሁላ!» እያልኩ ዳሱን በጩኸት አናወጥኩት። የሙሽራዋ አባት ፊታቸው ጠቆረ።

«በእኔ ዳስ? በልጄ ቀን?» አሉና በሩን አስዘግተው እንግዳውን በሙሉ ሊያስፈትሹ ተነሡ። የንስሐ አባታቸው እንኳ ሳይቀሩ ካባቸውን ማራገፍ ጀምረው ነበር።

ያወጣን ቪዲዮ ቀራጩ ነው። «ቆይ እስቲ» ብሎ የቀረጸውን ወደ ኋላ መልሶ አሳየን። አንዱ ሚዜ ሻንጣዬን ተሸክሞ፣ ነጠላውን እያውለበለበ፣ «የሙሽራ እቃ ነው፣ አሳልፉኝ!» እያለ ወደ ሙሽሮቹ መኪና ይጨፍራል። አባትየው ከት ብለው ሳቁ። እኔ ግን ከየት ይምጣልኝ? መኪናው ሄዷል፤ ብንደውል ብንደውል እነሱ ባሉበት ኔትወርክ የለም።

በማግስቱ ማለዳ ወደ ደብረ ወርቅ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። መንገዱን ሙሉ ያንን ሚዜ ስረግም ሙሽራው ቤት ደረስኩ። እሱ እቴ፣ የሙሽራዋ ክፍል በር ላይ ተገትሮ «የሙሽራ እቃ አይነካም» አይለኝ መሰላችሁ! አንገቱን ልይዘው ስል ከውስጥ ድምፅ መጣ።

«አስገባቸው፣ የሰፈሬ ሰው ናቸው።»

ሻንጣው ከአልጋዋ አጠገብ ነጠላውን እንደለበሰ ቁጭ ብሏል። ከፈትኩት። ተመስገን፣ አንድም ነገር አልጎደለም።

«አንቺ ልጅ፣ እስካሁን የማን እንደሆነ አላወቅሽም?»

«መኪና ውስጥ ነው ያወቅሁት፣ ጋሼ። ገመዱ በዚፑ ወጥቶ ነበር።»

«ታዲያ አታስቆሚም? እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ነው ያደርኩት እኮ!»

አቀረቀረች። የተሞሸረችበት ሂና እጇ ላይ ገና አልደበዘዘም።

«ብናገር ሹፌሩ ይመልሰው ነበር። ዝም ካልኩ ግን እርስዎ ይመጣሉ ብዬ ነው። እዚህ ቤት የማውቀው ሰው የለም።» ቀና ብላ አየችኝ። «እማዬ እንዴት አደረች?»

ንዴቴ የት እንደገባ እንጃ። ቤታችን በአንድ ግድግዳ የተያያዘ ነው፤ እናቷ ሌሊቱን ስታለቅስ ሰምቻለሁ። ውጭ የምመለስበት ሚኒባስ ጥሩምባውን ይነፋብኛል። ሻንጣዬን ዘጋሁና ላዩ ላይ ተቀመጥኩ።

«ስትመርቅሽ አደረች» አልኳት።