የሌሉን መጻሕፍት ካርዶች

ባለፈው ሳምንት ታሪክ የምታጠናው የልጅ ልጄ ሄለን ስለ ቱርክ መንግሥት የተጻፉ መጻሕፍትን በኮምፒውተር ስትፈልግ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። አንድ ቃል ስትጽፍ የመጻሕፍቱ ርዕስ፣ የደራሲዎቹ ስም፣ የሚገኙበት አገር ተከታትሎ ወረደ።

«መጻሕፍቱ እነዚህ ናቸው?» አልኳት።

«አይ እማማ፣ ዝርዝራቸው ነው። የት እንዳሉ ብቻ ነው የሚነግርሽ» አለችኝ።

ይህን ሥራ እኔም ሠርቼው እንደነበር አልነገርኳትም።

በደርግ ጊዜ ቆቦ ውስጥ የአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነበርኩ። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ቤተ መጻሕፍት ይባል እንጂ ጣሪያው በቀትር ሐሩር የሚንጣጣ አንድ ክፍል ነበር፤ የዓለም ታሪክ መጻሕፍታችን አንድ መደርደሪያ አይሞሉም። የታሪክ መምህሩ እንድሪስ የጎብዬ ሰው ናቸው። ትምህርት ሲዘጋ ደሴና አዲስ አበባ ድረስ እየሄዱ፣ ከትልልቅ ቤተ መጻሕፍት የመጻሕፍት ስም በደብተር ገልብጠው ይመጣሉ። እኔ ደግሞ በተቆረጠ ካርቶን ላይ አሰፍረዋለሁ፤ ርዕሱን፣ ደራሲውን፣ የሚገኝበትን ቦታ፤ ቦታው ካልታወቀም ያንኑ። ቻይና ለብቻ፣ ግብጽ ለብቻ። ማሽላ በሚታጨድበት ወራት ጥንቅሽ ያመጡልኛል፤ እሱን እያኘክን ስንሠራ ጣታችን ካርዱ ላይ ይጣበቅ ነበር።

«መምህር፣ የሌለን መጽሐፍ ምን ያደርግልናል?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«እኛ ዘንድ ባይኖርም ተማሪዎቹ መኖሩን ይወቁት። ያላወቁትን ምን ብለው ይፈልጋሉ?» አሉኝ።

በሦስተኛው ዓመት አንድ ካድሬ ሁለት ታጣቂዎች አስከትሎ መጣ። የካርዶቹን መሳቢያዎች አንድ በአንድ አየ፤ ከዚያ ወደ መደርደሪያው ዞረ።

«እነዚህ ሁሉ መጻሕፍት የት ናቸው?»

«እኛ ጋ የሉም።»

«ከሌሉ ለምን ተመዘገቡ? ይሄኛው ደግሞ ‹ያለበት አልታወቀም› ይላል። ማነው የደበቀው?»

ማስረዳት ይቻል ነበር። ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። ጽሕፈቱ የማን እንደሆነ ሲጠይቀኝ ግን «የእኔ ነው፤ ያጻፉኝ መምህር እንድሪስ ናቸው። ስለ መጻሕፍቱ እኔ የማውቀው የለም» አልኩ።

ከክፍል ሲያስወጧቸው በመስኮት አየሁ። እጃቸው ላይ የነበረውን ጠመኔ ሱሪያቸው ላይ ጠረጉ። ካርዶቹን እንዳቃጥል ታዘዝኩ፤ አቃጠልኩ። ቻይና እንዳለቀ ምሳ ሰዓት ደረሰ። ቤቴ ሄጄ በላሁ፤ ተመልሼም የቀረውን ጨረስኩ። ምንም አልተሰማኝም።

ከሰባት ወር እስር በኋላ ተመለሱ። ከስተዋል። ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ቆመው «ዘነበች፣ ደህና ነሽ ወይ?» አሉኝ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ?»

«አልሐምዱሊላህ።»

ገብተው አንዱን መሳቢያ ሳቡት፤ ባዶ መሆኑን ሲያዩ ቀስ ብለው መለሱት።

«ስምዎን የሰጠሁት እኔ ነኝ» አልኳቸው።

«አውቃለሁ፤ ቃልሽን አንብበውልኛል» አሉኝ። በድምፃቸው ቁጣም ይቅርታም አልነበረም። በዓመቱ ወደ ዋጃ ተዛወሩ።

መሞታቸውን የሰማሁት ብዙ ቆይቶ፣ ሮቢት ላይ አውቶቡስ ስጠብቅ ከአንዲት ሴት አፍ ነው። እርጅና አልቃሻ አድርጎኛል፤ በማላውቀው ሰው ለቅሶ እንኳ እንባዬ ይወርዳል። ለእሳቸው ግን እስከ ዛሬ አንድ ጠብታ አልወጣኝም። ያን ሰሞን ጎብዬ ሄጄ ቤተሰባቸውን ላጽናና ነጠላዬን ለብሼ ወጥቼ ነበር፤ ከደጄ ሳልርቅ ተመለስኩ። ልጆቻቸው «የአባታችን ምን ነሽ?» ቢሉኝ የምመልሰው አልነበረኝም። አሁንም የለኝም።