ሳህሉ ልጁን የፈለገባቸው የሳር ቤቶች

ሳህሉ ሳን ፍራንሲስኮ አጠገብ ባለችው ኦክላንድ፣ ፍሩትቬል ሰፈር ውስጥ የሶፋና የመኪና ወንበር ልብስ የሚቀይርባት ጠባብ ሱቅ ነበረችው። ከሱዳን የመጣው በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ከሚስቱ ከአይናዲስና ገና የወተት ጥርሱን ይነቅል ከነበረው ልጃቸው ከህዝቅያስ ጋር። ሴቷ ልጅ እድላዊት እዚሁ ተወለደች። አይናዲስ አረጋውያን በሚኖሩበት ቤት የነርስ ረዳት ነበረች። ሁለቱም ብዙ አያወሩም፤ ቤቱን በወሬ የሚሞላው ህዝቅያስ ነበር።

ህዝቅያስ ሳን ሆዜ ኮምፒውተር ተምሮ ሲመረቅ ዘመድ ሁሉ ሳንታ ክላራ ካሉት ካምፓኒዎች አንዱ ውስጥ ይገባል ብሎ ጠበቀ። እሱ ግን በ1994 ሰመር ጃፓን ገጠር ሄጄ እንግሊዝኛ ላስተምር ብሎ ተነሳ። ለአንድ ዓመት ብቻ ነው አለ። ዓመቱ ሲያልቅ ኮንትራቱን አደሰ።

የሚያስተምርባት ከተማ በተራራ የተከበበች ትንሽ ከተማ ናት። እሁድ እሁድ ለቤት ይደውላል።

«ትምህርት በሌለ ቀን ምን ትሠራለህ?» አለው ሳህሉ አንድ ጊዜ።

«መንደር አያለሁ።»

«የምን መንደር?»

«ኦልድ ቪሌጅ ነው፣ አባዬ። የድሮ የገበሬ ቤቶች፤ ክዳናቸው ሳር ነው፣ ግን ፎቅ ያክላሉ። መንደሩን እንዳለ ሙዚየም አድርገውታል። ማረሻው፣ ሙቀጫው፣ ወንፊቱ ሁሉ አለ። ገሳ የመሰለ የሳር ካባም አይቻለሁ።»

«እኛ ከሳር ቤት ለመውጣት ስንት አየን፤ አንተ ቲኬት ቆርጠህ ትገባለህ?»

ልጁ ከት ብሎ ሳቀ። «መጥተህ እየው። ትወደዋለህ።»

«እስቲ በጸደይ» አለ ሳህሉ። የእውነቱን ነበር።

በ1995 ኅዳር፣ በታንክስጊቪንግ በዓል ዕለት ህዝቅያስ ሳይደውል ቀረ። በማግስቱም አልደወለም። ሰኞ ስልኩ ሲጮህ ያነሳችው እድላዊት ናት። ደዋይዋ ኦካዳ የምትባል የዚያች ከተማ የትምህርት ቢሮ ሠራተኛ ነበረች። እድላዊት ጥቂት አዳምጣ ስልኩን ለአባቷ ሰጠችውና ግድግዳው ጥግ ቆመች።

ኦካዳ የሆነውን በእንግሊዝኛ በዝግታ ነገረችው። ሐሙስ በጃፓንም የበዓል ቀን ነበር። ህዝቅያስ በአውቶቡስ ወደ አንድ የድሮ መንደር ሄደ። ቲኬት የምትቆርጠው ሴት ታስታውሰዋለች፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው መንደር በተራራው ላይ የሚያሻግረውን የጥንት የእግር መንገድ ጠይቋታል። የመኪናው መንገድ ከተሠራ ወዲህ በዚያ የሚሄድ ሰው ጥቂት ነው። ሴትዮዋ በረዶ እየመጣ ነው ብላው ነበር። ቶሎ እሻገራለሁ አላት። አመሻሹ ላይ በረዶ ጣለ። በማዶው መንደር ያየው ሰው የለም።

ሰዎች በውሻም በሄሊኮፕተርም ፈለጉት። በረዶው ግን እየከበደ ሄዶ ተራራውን ዘጋው፤ እስከ ጸደይ ማንም እንደማይወጣ ነገሯቸው።

ኦክላንድ ያሉት የጸሎት ቤታቸው ምእመናን በየተራ ምግብ እየያዙ መጡ። መጥተው ግን ምን እንደሚሉ አያውቁም። ለቅሶ እንዳይሉት ሬሳ የለም፤ የበሽተኛ ጥየቃ እንዳይሉት በሽተኛ የለም። ጥቁር የለበሰች አንዲት ሴት አይናዲስ በሩን ስትከፍትላት ደንግጣ ኮቷን እስከ አንገቷ ቆለፈች። ይቀመጣሉ፣ ይጸልያሉ፣ ጫማቸውን እያዩ ይወጣሉ።

ጥር ላይ ከሌላ ስቴት የመጣ አንድ አገልጋይ በጸሎት መሃል በአይናዲስ ራስ ላይ እጁን ጫነ። «እህቴ፣ ልጅሽ በሕይወት አለ» አላት። «በተራራ መካከል ባለ አሮጌ ቤት ውስጥ ተቀምጦ አየዋለሁ።» ጉባኤው እልል አለ። አይናዲስ ከዚያ ቀን ጀምሮ በደንብ መብላት ጀመረች፤ ወደ ሥራዋም ተመለሰች። ሳህሉ አገልጋዩ የተናገረውን አላመነም። ሚስቱ ስትበላ ግን አያት ነበርና ዝም አለ።

በግንቦት በረዶው ቀለጠ፤ ሱቁን ዘግቶ ብቻውን ሄደ። አይናዲስ ኤርፖርት ላይ እጁን ይዛ፣ «ተራራው ላይ እንዳትደክም» አለችው። «ቤት ውስጥ ነው የታየው። ቤቶቹን እይልኝ።»

ኦካዳ ባቡር ጣቢያ ተቀበለችው። ሠላሳዎቹን ያጋመሰች፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ሴት ናት። አጎንብሳ ሰላም ካለችው በኋላ ቀና ሳትል ብዙ ቆየች። ሳህሉ ምን እንደሚደረግ ስላላወቀ እሱም አጎነበሰ።

በማግስቱ አንድ ፖሊስ መንገዱ እስከሚጀምርበት ወሰዳቸው። መንገዱ አንድ ሰው ብቻ የሚያሳልፍ ነው፤ ከፍ ሲል በአንድ በኩል ገደል፣ ከገደሉ ሥር ወንዝ አለ። ፖሊሱ ባርኔጣውን አውልቆ ረጅም ነገር ተናገረ። ኦካዳ አሳጥራ ተረጎመችው፦ በሚያዝያ ሁለት ጊዜ ወጥተዋል፣ ያገኙት የለም፤ ወንዙ ወርዶ የሚገባው ግድብ ውስጥ ነው፤ ይቅርታ ይጠይቃል።

ሳህሉ ወደ ወንዙ አየ። በረዶ የቀለጠበት ውሃ ደፍርሶ፣ ግንድ እየገፋ ይወርዳል። እዚያው ቆሞ ሁሉም ገባው። ልጁ የት እንዳለ ከዚያ በላይ የሚነግረው ሰው አያስፈልገውም ነበር።

ወደ መኪናው ሲመለሱ ግን፣ «ሚስቴ ቤት ውስጥ ነው ትላለች» አላት ኦካዳን።

«የትኛው ቤት ነው ያሉኝ?»

«አሮጌ ቤት ነው። የሳር ክዳን ያለው።»

እሷ በዚያ አገር እንዲህ ያለ ቤት ስንት እንደሆነ አልነገረችውም። ከቢሮዋ ፈቃድ ጠይቃ በትንሿ መኪናዋ ታዞረው ጀመር። አንዳንዱ መንደር ሰው አሁንም የሚኖርበት ነው፤ አንዳንዱ ቤቶቹ ከየቦታው ተነቅለው መጥተው ለጎብኚ የተተከሉበት ነው። በየቲኬት መስኮቱ ሳህሉ ፎቶግራፉን ያወጣል፣ ኦካዳ ትናገራለች። ሰዎቹ ፎቶግራፉን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ያዩታል፣ አጎንብሰው ይመልሱታል። የመግቢያውን ሒሳብ የሚቀበሉት ጥቂት ናቸው።

ከዚያ ጫማውን አውልቆ ይገባል። ውስጡ ጨለም ያለ ነው፤ ጣሪያው በጭስ ጠቁሯል። መሃል ላይ ከወለሉ ዝቅ ያለ ምድጃ፣ ከላዩ በሰንሰለት የተንጠለጠለ ማንቆርቆሪያ አለ። በግድግዳው የሳር ጫማ፣ የእንጨት አካፋ፣ የሽመና ዕቃ ተደርድሯል፤ ከፎቁ የሐር ትል ያረቡበት ሰፌድ አለ። ልጁ በስልክ የነገረው ሁሉ በቦታው ነበር። ሳህሉ በየቤቱ ፎቅ ድረስ ይወጣል፣ የተዘጋ ክፍል ካየ እንዲከፈትለት ይጠይቃል፤ ይከፍቱለታል። ለምን እንደሚያስከፍት እሱም በደንብ አያውቅም። አይናዲስ ስትጠይቀው «አየሁ» ለማለት ሳይሆን አይቀርም።

በአንዱ ሙዚየም ከኦካዳ ቀድሞ ገባ። ከምድጃው አጠገብ ጀርባውን የሰጠ አንድ ሰው ተቀምጧል። ትከሻው ሰፊ ነው፤ አንገቱን ዘንበል አድርጓል። ህዝቅያስም ሲያነብ አንገቱን እንዲሁ ያዘነብል ነበር።

«ህዝቄ» አለ።

ሰውዬው አልዞረም። ሳህሉ በገመድ የተከለለውን አልፎ ትከሻውን ያዘ። ትከሻው ጠንካራና ባዶ ነበር። ጎብኚ እንዲያይ የገበሬ ልብስ ያለበሱት አሻንጉሊት ነው፤ ፊቱ ላይ ቀለም ተቀብቷል።

ኦካዳ ስትገባ ሳህሉን ወለሉ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። አጠገቡ ተቀመጠች። ሌሎች ጎብኚዎች ከደጅ ሆነው አይተው ተመለሱ።

የመጨረሻው ቀን ልጁ የታየበት መንደር ሄዱ። ቲኬት የምትቆርጠው ሴት ሳህሉን ስታይ ገና ከሩቅ አለቀሰች። አንዱን ቤት የሚጠብቅ ሽማግሌ ነበር፤ ጭሱ ሳሩን ከነቀዝ እንዲጠብቅ ጠዋት ጠዋት እሳት ማንደድ ሥራው ነው። ሳህሉን ከእሳቱ ዳር አስቀምጦ ሻይ ሰጠው። ፎቶግራፉን አይቶ መለሰና እሳቱን እየቆሰቆሰ ተናገረ። ኦካዳ ወዲያው አልተረጎመችም።

«ምን አሉ?»

«ይቅርታ፣ ሳህሉ-ሳን። ደስ የሚል ነገር አይደለም።»

«ንገሪኝ።»

«ታላቅ ወንድማቸው በዚያ መንገድ ሲሻገር ጠፍቷል። እሳቸው ያኔ ልጅ ነበሩ። እናታቸው እስክትሞት በየጸደዩ ትፈልገው ነበር። አልተገኘም። እርስዎ ግን እንዳይመላለሱ ይላሉ። አገርዎ ሩቅ ነው።»

ሳህሉ ሽማግሌውን በእንግሊዝኛ አመሰገነው። ሻዩን ጠጥቶ ወጣ።

ሳን ፍራንሲስኮ ሲያርፍ አይናዲስና እድላዊት ቆመው ይጠብቁታል። በአውሮፕላኑ ውስጥ የሚናገረውን አዘጋጅቶ ነበር፤ አልቋል፣ ቁጭ ብለን እናልቅስ ሊላት ነበር። እሷ ግን ሻንጣውን ሳይቀር ረስታ ፊቱን ነው የምታየው።

«ቤቶቹን አየሃቸው?»

«አየሁ።»

«ሁሉንም?»

ሳህሉ እድላዊትን አያት። ልጅቷ ገብቷታል፤ ወደ ሌላ ዞረች።

«ሁሉንም አይደለም» አለ። «ብዙ ናቸው።»

«ተመስገን» አለች አይናዲስ።

ሳህሉ «ሁሉንም አይደለም» ባላት ምክንያት ፍለጋው ቀጠለ። ጥሩነህ የሚባል ጓደኛው፣ ሳን ሆዜ የሚኖር፣ በ1997 አንድ ቅዳሜ ቤታቸው መጣ። «አይናዲስዬ» አላት እንደ ወንድም፣ «ሰው ሁሉ ተጨንቋል። ለቅሶ እንቀመጥና እናልቅስለት። እንዲህ ተንጠልጥሎ አይሆንም።» አይናዲስ ቁጣም አላሳየችም። ተነስታ ጃኬቱን አመጣችለትና በሩን ከፈተች። ጥሩነህ ሳህሉን አየ፤ ሳህሉ መሬት መሬቱን ያያል። ከዚያ ወዲህ የደፈረ ሰው የለም። የቤት ኪራዩ ሲጨምር ሳህሉ ወደ ሄይዋርድ እንዛወር ብሎ ነበር። ስልክ ቁጥሩ ይቀየራል፣ ልጄ የሚያውቀው ይሄን ነው ብላ እምቢ አለች።

በ1998 ሁለቱም ሄዱ። ኦካዳ ወደ ሌላ ቢሮ ተዛውራ ነበር፤ ቢሆንም መጣች። አይናዲስ እንደ ሳህሉ ፎቶግራፍ አላሳየችም፣ ማንንም አልጠየቀችም። በየመንደሩ ከቤት ቤት እየዞረች፣ ከደጃፉ ቆማ፣ ከሰፈር ሲጫወት እንደሚጠራ ልጅ በስሙ ትጠራዋለች። «ህዝቅያስ! እናትህ ነኝ።» ጥቂት ትጠብቅና ወደሚቀጥለው ትሄዳለች። ካሜራ የያዙ ጎብኚዎች መንገድ ይለቁላታል። ዘበኞቹ ሊያስቆሟት ሲመጡ ኦካዳ ቀድማ ታናግራቸዋለች፤ እነሱም አጎንብሰው ይመለሳሉ። ሳህሉ ከኋላ ከኋላ ይከተላታል፤ ጃኬቷን ይዞላታል።

ድምፅዋ እስኪዘጋ ጠራችው። ሲመለሱ በአውሮፕላኑ ውስጥ መናገር አትችልም ነበር።

ከዚያ በኋላ ጸሎት ቤት መሄድ ተወች፤ ለምን እንደተወች ግን አልተናገረችም። እድላዊት ሃይስኩል እንደጨረሰች ሥራ ይዛ ሳን ሆዜ ገባች። ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች፤ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ የማንም ስም ሳይነሳ አብራቸው በልታ ትሄዳለች። አንድ ጊዜ ሳህሉ መኪናዋ ድረስ ሸኝቷት፣ «ለእናትሽ ልነግራት ነበር» አላት።

«አይ ኖው፣ ዳዲ» አለችው። «አውቃለሁ።» መኪናዋን አስነስታ ሄደች።

በ1999 ኅዳር የጥሩነህ እናት ሳን ሆዜ ልጃቸው ቤት አረፉ። ሳህሉ አይናዲስ አትመጣም ብሎ ነበር፤ እሷ ግን ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ መኪናው ውስጥ ገባች። ለቅሶ ቤት ደርሳ ከሴቶቹ መሃል ተቀመጠች። ጥቂት ቆይታ ማልቀስ ጀመረች። ሴትዮዋን እምብዛም አታውቃቸውም። ደረቷን እየመታች እስኪመሽ አለቀሰች፤ የሟች ልጆች ሳይቀሩ ዝም ብለው እሷን ሰሙ። ጥሩነህ በጓዳ በር ቆሞ ለሳህሉ በዓይኑ ምልክት ሰጠው። አሁን ይሻላት ይሆናል ማለቱ ነበር። ሳህሉም ለአንድ አፍታ እንዲያ አስቦ ነበር።

ወደ ኦክላንድ ሲመለሱ አይናዲስ ፊቷን በመሐረብ ጠረገች። ሄይዋርድን ካለፉ በኋላ፣ «በሰሜን በኩል ያሉትን ቤቶች አላየናቸውም» አለች።

«አላየናቸውም።»

«ለጸደይ እንሂድ።»

«እሺ» አለ ሳህሉ።

በዚያ ጸደይ አልሄዱም። እሷ ወገቧን ታማ ሥራ አቆመች፤ እሱም ሱቁን መዝጋት አልቻለም። በሚቀጥለውም ዓመት አልሄዱም። አንሄድም የተባለበት ቀን ግን የለም።