ከቶሙ ስር የተፋቀው ሰም

አባቴ ቶሙን ኒውላንድ ሰፈር ወዳለው ሙዚቃ ቤት ይዤ እንድሄድ ሲልከኝ ደጋግሞ ያስጠነቀቀኝ አንድ ነገር ነው፤ የተሰነጠቀው ሳጥን ይጣበቅ፣ ሌላው አይነካ። ቶም እኛ አኙዋዎች በአውራ ጣት የምንመታው መሣሪያ ነው። በሳጥን ላይ የተደረደሩ ቀጫጭን የብረት ምላሶች አሉት። የአባቴን ቶም የቃኘው ሟቹ አጎቴ ነበር። አባቴ መጫወት እንጂ መቃኘት አይችልበትም። ጆሮውም ስለደከመ ሳጥኑን አገጩ ላይ ደገፍ አድርጎ በአጥንቱ ነበር የሚሰማው። ከወንድሜ የቀረኝ ይሄ ነው ይላል።

ክልል ከሆንን ገና መጀመሪያው ነበር። አዲስ ቢሮ በተመረቀ ቁጥር ዘፈን ስለሚፈለግ ሙዚቃ ቤቱ ሥራ በዝቶበታል። ባለቤቱ ከደጋ የመጣ ሙስሊም ነጋዴ ነው፤ ካሴት ይሸጣል፣ ክራርና ጊታር ይጠግናል። እጁን የማያመሰግን የለም። የአባቴን መልእክት ነገርኩት፣ እሺ አለ። እኔ ግን የማስተምርበት ክፍል ውስጥ ቆሜ እንኳ ሐሳቤ እዚያው ሱቅ ነበር።

ልቀበል ስሄድ ቶሙን በጨርቅ እየወለወለ ጠበቀኝ። ስንጥቁ የት እንደነበር አይታወቅም። ደስ ሊለኝ ሲል ምላሶቹን አየሁ፤ ያብለጨልጫሉ። ከስራቸው ጎንበስ ብዬ ብመለከት ጥቋቁሮቹ የሰም ጠብታዎች የሉም።

«ቆሻሻውን ፍቄ አጸዳሁልህ» አለኝ። «ወላሂ፣ ስንት ዘመን ተጣብቆ እንደኖረ እንጃ።»

ቅኝቱ እኮ ያ ሰም ነው። አጎቴ በጥፍሩ ቆንጥሮ እየለጠፈ፣ እየቀነሰ፣ እያንዳንዱን ምላስ ድምፁ ላይ ያስቀመጠበት ነው። ይህን ስነግረው ሰውየው ፊቱ ተለዋወጠ። ልጮህበት ዳድቶኝ ነበር፤ ግን ክራር ሲጠግን የኖረ ሰው በምን ይወቅ? ፍቅፋቂውን ጠርጎ ጥሎታል። ሱቁን ዘግቶ፣ አባትህን እኔው ራሴ ይቅርታ እጠይቃቸዋለሁ ብሎ ተከተለኝ። የባሮ ድልድይ ላይ ስንደርስ ቆም አልኩ። አባቴን ያየሁት መሰለኝ፣ ቶሙን አገጩ ላይ አድርጎ፣ እየጠበቀ።

አባቴ እንግዳውን ወንበር ሰጥቶ አስቀመጠው። ቶሙን ተቀብሎ አገጩ ላይ ደገፈና አንዱን ምላስ መታ። ደግሞ መታ። ከዚያ ጣቱ እዚያው ቀረ።

«አባባ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ያጸዳሁ መስሎኝ ነው» አለ ባለሱቁ፣ ተነስቶ ቆሞ።

አባቴ ቀስ ብሎ በአማርኛ መለሰለት። «አንተ ጥሩ ሰው ነህ። አጽድተሃል። ግን ወንድሜ ሄደ።»

በኋላ አባቴ ሰም እንዳመጣለት በቋንቋችን አዘዘኝ። በጣቶቹ አሽቶ አለሰለሰው፣ ከመጀመሪያው ምላስ ስር ለጠፈና መትቶ ቀና ብሎ አየኝ። ይሄ ነው ወይ አለኝ። አጎቴ የቃኘውን ድምፅ ላስታውስ ታገልኩ። ሳቁ መጣልኝ፣ ሳሉ መጣልኝ፣ ያ ድምፅ ግን ሊመጣልኝ አልቻለም። ነው ብለው ያምነኛል፤ ያስፈራኝም እሱ ነው። አላውቅም አልኩት።

ሰሙን ከምላሱ ስር አላቅቆ ከቶሙ ጋር እጄ ላይ አስቀመጠው።

«እንግዲያው ለአንተ እንደመሰለህ ቃኘው» አለኝ። «ከእንግዲህ የምሰማው አንተን ነው።»

ቶሙን እንደያዝኩ ቆየሁ። የመጀመሪያውን ምላስ መምታት ፈራሁ።