አማቴን አስተኝቼ እስከ አንጋጫ

ሰኞ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት፣ አዲስ አበባ

ከቤት ስንነሳ ሦስት ነበርን። እኔ መሪ ይዣለሁ፤ ባለቤቴ ገነት ከኋላ ተቀምጣለች፤ እናቷ እማማ ታደለች ደግሞ አጠገቧ አልጋ ላይ ተኝተዋል። አዎ፣ አልጋ ላይ። መኪናችን ቤት መኪና ናት። ለሠላሳ ዓመት ያህል የመንገድ ቀያሽ ሆኜ ስሠራ በድንኳንና በየሆቴሉ ማደር ሰልችቶኝ ስለነበር፣ ጡረታ ስወጣ አንዲት አሮጌ የናፍጣ ሚኒባስ ገዛሁና ወንበሮቿን አስነቅዬ አልጋ፣ የውሃ ታንከር፣ ባለ አንድ ምጣድ የጋዝ ምድጃና መጋረጃ ያላት ትንሽ ሽንት ቤት አሠራሁባት። ዘመዶቼ «በስተርጅና ልጅ ሆነ» ብለው ሳቁብኝ።

እማማ ታደለች ከሰባት ወር በፊት አንጋጫ አጠገብ ባለው ቤታቸው ደጃፍ ተንሸራተው ወደቁና የዳሌ አጥንታቸው ተሰበረ። አዲስ አበባ አምጥተን ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። አሁን በብረት መደገፊያ ጥቂት እርምጃ ይራመዳሉ፤ ብዙ ሰዓት መቀመጥ ግን ሐኪሙ ከልክሏቸዋል። ስለዚህ አውቶቡስ የማይታሰብ ነው። እኛም ቀስ ብለው እስኪያገግሙ ይቆዩ ብለን ነበር።

ነገር ግን ባለቤታቸው አባባ ኤርጃቦ መቆየት አልቻሉም። ጆሯቸው ከብዷል፣ ዓይናቸውንም ሞራ ጋርዶታል። በስልክ የሚስታቸውን ድምፅ አይለዩም፤ በቪዲዮ ብናሳያቸውም አይታያቸውም። ከሁለት ወር ወዲህ «ሞታለች፤ መርዶውን ደብቃችሁኛል» ማለት ጀመሩ። መርዶ እንዴት እንደሚደበቅ ያውቃሉ፤ እሳቸውም በዕድሜያቸው ስንት ሰው ላይ ደብቀዋል። ባለፈው ሳምንት የገነት ወንድም ማርቆስ ደውሎ «አባባ ምግብ ትቷል። በእጁ ካልዳሰሳት አያምንም» አለን። በዚያው ቀን መኪናዋን ማዘጋጀት ጀመርኩ።

እንዲህ ያለ መኪና ለመሥራት ለምታስቡ አንድ ነገር ልንገራችሁ። አልጋውን ከኋላ ጎማ በላይ እንዳታደርጉት። ያ ቦታ ከሁሉም በላይ ይነጥራል። የእኛ አልጋ በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል፣ ከወለሉ ጋር በብሎን ታስሯል። የድሮዎቹን ወንበሮች ቀበቶ አልጣልኩትም፤ እማማን በደረትና በጉልበታቸው ላይ አሰርኩበት። «ጥብቅ አርገው፤ አልሸሽም» አሉኝ።

ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ ቡታጅራ

በሰዓት ከሃምሳ ኪሎ ሜትር ሳላልፍ ቡታጅራ ደረስን። መንገድ ዳር አምስት አቮካዶ በመቶ ብር ገዝተን፣ ሻይ እዚያው መኪናችን ውስጥ አፈላን። የጋዙን ሲሊንደር የምከፍተው ስንቆም ብቻ ነው፤ ከመንቀሳቀሳችን በፊት ዘግቼ በእጄ ነካክቼ አረጋግጣለሁ። እማማ መጋረጃውን ጋርደው በሽንት ቤቱ ተጠቀሙና ሲወጡ ፊታቸው ፈክቶ ነበር። ለካ ከሌሊት ጀምሮ ውሃ ያልጠጡት መንገድ ላይ እንዳያሳፍራቸው ፈርተው ነው። ከዚያ በኋላ ሁለት ብርጭቆ ሻይ ጠጡ።

የከፋው ነገር ናፍጣ ነው። አዲስ አበባ ተሰልፌ ያገኘሁት ግማሽ ታንክ ብቻ ነበር፤ እዚህም ማደያዎቹ «የለም» አሉኝ። ከከተማው ወጥተን ብዙም ሳንርቅ አንድ ሰው ቢጫ ጀሪካን ይዞ መንገድ ዳር ቆሟል። ቆምኩ።

«ማን እንደቀዳው አታውቅም፤ ተወው» አለች ገነት።

«ሆሳዕናም ባይኖርስ? እናትሽን ይዘን መንገድ ላይ እንቅር?»

«ሩብ አለህ አይደል? እስከ ሆሳዕና ያደርሰናል።»

ልክ ነበረች። እኔ ግን የአባባ ነገር ልቤን አጣድፎት ሃያ ሊትሩን አስቀዳሁ።

ከቀኑ 6 ሰዓት ገደማ፣ ከወራቤ በኋላ

ወራቤን አልፈን ወደ ሆሳዕና የሚወስደውን ዳገት ስንያያዝ መኪናዋ መንተፋተፍ ጀመረች። ነዳጅ ስሰጣት ትስባለች፣ ወዲያው ትተወዋለች። በመስታወት ሳይ ከኋላችን ነጭ ጭስ ይወጣል። ከዚያ ኩርባ ላይ ሞተሩ ጸጥ አለ። ከኋላ የሚመጣ የጭነት መኪና ክላክስ እያስጮኸ ለጥቂት ስቶን አለፈ።

የእጅ ፍሬን ያዝኩ፤ ማርሽ አስገባሁ፤ ወርጄ ከኋላ ጎማዎች ሥር ድንጋይ አደረግሁ። ገነት ቅጠል ቆርጣ ከኩርባው በፊት መንገዱ ላይ ደረደረች።

«ቆምን እንዴ?» አሉ እማማ ከውስጥ።

«ትንሽ ሞተሩ ይረፍ ብዬ ነው፣ እማማ።»

«ልጄ፣ የተሰበረው ዳሌዬ ነው፤ ጆሮዬ ደህና ነው። ምን ሆነች?»

እውነቱን ነገርኳቸው። ከጀሪካን የቀዳሁት ነዳጅ ውሃ ሳይኖረው አይቀርም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። «ሰውየውን ካመንከው ይሸጥልሃል እንጂ ምን ያድርግ» አሉ። አልተቆጡም። እኔ ግን መቆጣታቸው ይሻለኝ ነበር። እዚያ ዳገት ላይ ብንቀር፣ አባባ ሌላ ሳምንት እህል ሳይቀምሱ ቢቆዩ ምን እንደሚሆኑ እያሰብኩ ነበርና።

የናፍጣ መኪና ያለው ሰው ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ። የነዳጅ ፊልትሮው ከሥሩ ትንሽ ማፍሰሻ አለው። ባዶ የውሃ ጠርሙስ ከሥሩ ደግኜ ፈታሁት። የወረደው ግማሹ ውሃ ነበር፤ ከጠርሙሱ ሥር ተኝቶ ናፍጣው ከላይ ሰፈፈ። ንጹሕ ናፍጣ እስኪመጣ አፈሰስኩት፤ ማፍሰሻውን ዘግቼ ከፊልትሮው ላይ ያለችውን የእጅ ፖምፕ ጠንከር እስክትል ጫንኳት፤ የገባው አየር ሁሉ በዚያ ወጣ። ቁልፉን ሳዞር በሦስተኛው ሞተሩ ተነሳ። ገነት ጮኸች። እማማ በከምባትኛ እግዚአብሔርን አመሰገኑ።

ሆሳዕና እስክንደርስ ሁለት ጊዜ ደግሞ ቆመን አፍስሰናል።

ከቀኑ 9 ሰዓት፣ ሆሳዕና

መግቢያው ላይ አንድ ጎልማሳ የባጃጅ ሹፌር አስቁሜ «የናፍጣ ፖምፓ የሚያውቅ መካኒክ የት ይገኛል?» አልኩት። «ተከተሉኝ» ብሎ በባጃጆችና በሚኒባሶች መሀል እየመራ አቶ ላምቤቦ ጋራዥ አደረሰን።

አቶ ላምቤቦ ሰማያዊ ቱታ የለበሱ፣ ብዙ የማይናገሩ ሰው ናቸው። ጠርሙሱን ተቀብለው ወደ ፀሐይ ያዙት።

«ውሃውን ካዩ በኋላ ስንት ጊዜ አስነሱት?»

«ሦስት ጊዜ። በየጊዜው እያፈሰስኩ ነው ግን።»

«እያፈሰሱ ከሆነ ጥሩ ነው። ዝም ብለው ቢነዱት ኖሮ ውሃው ናፍጣ የሚገፋውን ፖምፓ ይበላው ነበር። ፖምፓ ቢበላ ደግሞ እዚህ ዕቃ የለም።»

ታንኩን አወረዱት። አጥበው አደረቁት። አዲስ ፊልትሮ ገጠሙ፤ ናፍጣ ወደ ሞተሩ የሚረጩትን ኢንጀክተሮች አንድ በአንድ ፈትሸው «ድነዋል» አሉ። እዚያው ጎማ ላይ ቁጭ አልኩ።

ሥራው እስኪያልቅ አመሸ። የሆቴል ደረጃ መውጣት ለእማማ አይሆንም፤ አቶ ላምቤቦ መኪናዋን ግቢያቸው ውስጥ እንድናቆም ፈቀዱልን። ባለቤታቸው አንዲት መንገደኛ አሮጊት በአልጋ እንደመጡ ሰምተው አተካና ይዘው ብቅ አሉ፤ በቡላ፣ በቅቤና በአይብ የተሠራ፣ ሐዲያ እንግዳ የሚያከብርበት ምግብ ነው። እሳቸው ሐዲይኛ፣ እማማ ከምባትኛ፣ በመሀል አማርኛ እየቀላቀሉ ሲጫወቱ ቆዩ። እማማ ሳህኑን ጨረሱት። «ሰባት ወር ሙሉ ስበላ የነበረው ምግብ አልነበረም» አሉ፣ ገነት ደግሞ «አመሰግናለሁ፣ እማዬ!» ብላ አኮረፈች። ያን ሌሊት ሦስታችንም ደህና ተኛን።

ጠዋት አቶ ላምቤቦ ያሉኝን እዚህ አኖረዋለሁ። «ናፍጣ ሲገዙ መጀመሪያ በጠርሙስ ቀድተው ትንሽ ያቁሙት። ከሥር መስመር ከሠራ አይግዙ። ትርፍ ፊልትሮ ከመኪናው አይለይ። የውስጡ መብራት ደግሞ የራሱ ባትሪ ይኑረው፤ ሞተር ከሚያስነሳው ጋር አያጋሩት።» የመጨረሻውን አሟልቻለሁ ብዬ ስላሳየኋቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ።

ማክሰኞ፣ ጠዋት፣ ወደ አንጋጫ

ሌሊት ዘንቦ ነበር። እንሰቱ ታጥቦ ያበራል፤ የድንች ማሳው አበባ አውጥቷል፤ ሐምበርቾ ተራራ ጭጋግ ለብሷል። ቤት መኪና ሙሉ ዕቃዋን ይዛ ስለምትሄድ ከባድ ናት፤ ቁልቁለት ላይ በፍሬን ብቻ ከያዟት የፍሬኑ ሸራ ይግላል፣ ከዚያም አይዝም። ቁልቁለቱን በምትወጡበት ማርሽ ውረዱት። እኔም ሁለተኛ ማርሽ አስገብቼ በቀስታ ወረድኩ፤ ከኋላዬ የተሰለፉት ተናደዱ፣ አልፈው ሄዱ።

አንጋጫ ማርቆስ ይጠብቀን ነበር። ቤታቸው ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ይላል፤ መንገዱም ጭቃ ሆኗል። ማርቆስ አራት ጎረቤቶችና አንድ ቃሬዛ አዘጋጅቷል።

እማማ ቃሬዛውን ባዩ ጊዜ ፊታቸው ተለወጠ። «በዚህ አልገባም።»

«እማዬ፣ መኪናው ይያዛል» አላቸው ማርቆስ።

«ሰው ተሸክሞኝ ግቢ ስገባ አባትህ ምን ብሎ ያስባል? ዓይኑ ጥላ ያያል። አራት ሰው ቃሬዛ ተሸክሞ ካየ ለቅሶውን ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ማን ያስቆመዋል?»

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ መንገድ ስትለካ የኖርክ አይደለህ? ለካው።»

ቡትስ አድርጌ ዱላ ይዤ መንገዱን እስከ ግቢው በር ወጋ ወጋ እያደረግሁ ሄድኩት። ሥሩ ጠንካራ ነው፤ የሚያሰጋው ሁለት ቦታ ብቻ ነው። ተመልሼ የውሃ ታንከሩን ሙሉ በሙሉ አፈሰስኩት፤ መቶ ሊትር ውሃ መቶ ኪሎ ነው። ጋዙን፣ ትርፍ ጎማውንና የዕቃ ሣጥኑን ጎረቤት ቤት አስቀመጥን። የአራቱንም ጎማ አየር ቀነስኩ፤ ጎማ ላላ ሲል ጭቃ ላይ ሰፋ ብሎ ይቆማል። ጎረቤቶቹ ቃሬዛውን ትተው የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ሁለቱ ቦታዎች ላይ ነሰነሱ። ገነት ወርዳ በእግሯ ቀደመች። እማማ ብቻቸውን አልጋቸው ላይ ቀሩ።

«ያዙ፣ እማማ።»

«ይዣለሁ። ሂድ።»

በሁለተኛ ማርሽ፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ፣ ሳልቆም ነዳሁ። የመጀመሪያውን አለፍን። ሁለተኛው ላይ የኋላው ወደ ጎን ሸርተት ሲል መሪውን ለቀቅ አደረግሁ፤ ጎማው ቅርንጫፉን ያዘና ወጣን። በሩ ላይ ስንቆም ሸሚዜ ከጀርባዬ ተጣብቆ ነበር።

እማማ በጎን በር በኩል ወጡ። መደገፊያቸውን ሣሩ ላይ ተከሉና አንድ እርምጃ፣ ደግሞ አንድ እርምጃ እያሉ ሄዱ። አባባ ኤርጃቦ ከቤቱ ጎን በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። የብረቱን ድምፅ አልሰሙም። እማማ አጠገባቸው ደርሰው ቆሙና እጃቸውን ዘረጉላቸው። አባባ ያዙት። የእማማን እጅ ከጣት እስከ ክንድ፣ ከዚያ ፊታቸውን ዳሰሱ። ብዙ ጊዜ ወሰዱ። ከዚያ ጮክ ብለው የሆነ ነገር በከምባትኛ ተናገሩ፤ ጎረቤቱ ሁሉ ሳቀ፤ ገነት እያለቀሰች ትስቃለች።

«ምን አሉ?» አልኳት።

«‹ለለቅሶሽ ለሚመጣው ሰው ያደለብኩት ሙክት ጓሮ ታስሯል› አለ። እሷም ‹እንግዲያው እኔም ልብላው› አለችው።»

ሙክቱ ከሰዓት ታረደ። አባባ ከሚስታቸው እጅ አንድ ጉርሻ ተቀበሉ፣ ደገሙ፣ ከዚያ ራሳቸው መብላት ጀመሩ። ማርቆስ ይህን አይቶ ወደ ጓሮ ሄደ፤ ሲመለስ ዓይኑ ቀልቶ ነበር።

ዓርብ፣ ከሰዓት፣ አዲስ አበባ

ሐሙስ ጠዋት ጭቃው ደርቆ ስለነበር ያለ ችግር ወጣን። አንጋጫ ጎማ ቤት አየር አስሞላሁ። ሆሳዕና ጎራ ብለን አቶ ላምቤቦ ፊልትሮውን ከሥሩ አፍስሰው አዩት፤ ጠብታ ውሃ የለም። ማደያው ላይ ናፍጣ ለማግኘት ሦስት ሰዓት ተሰለፍን፤ ስንጠብቅ ገነት አልጋው ላይ ተኛች፣ እኔ ሩዝ ሠራሁ። ቡታጅራ አድረን ዛሬ ገባን።

ይህን መኪና መያዝ ያዋጣል ወይ የሚሉኝ አሉ። የሆቴል ወጪ ለመቆጠብ ከሆነ አያዋጣም፤ ጎማው፣ ዘይቱ፣ ፊልትሮው ይበልጣል። ክብደቱን የማያውቅና ከመነሳቱ በፊት ከሥር ጎንበስ ብሎ የማያይ ሰውም ባይገዛ ይሻለዋል። እኔም ስቸኩል ምን ያህል ሞኝ እንደምሆን ተምሬያለሁ፤ ሰልፍ መጠበቅ እዚያ ዳገት ላይ ከመቆም በብዙ ይሻላል።

ስንገባ ማርቆስ ደወለ። አባባ ቁርስ በልተው ከእማማ ጋር ተጣልተዋል አለን፤ እማማ መደገፊያቸውን ሳይዙ ወደ ጓሮ ሲሄዱ አባባ በእጃቸው ዳስሰው ስለደረሱባቸው ነው።