ከዙህር በኋላ ይታጠባል

ዛሬ ጠዋት በሬን ስከፍት ደረጃው በጠመኔ ተሞልቶ ጠበቀኝ። ከእኛ በር እስከ ታችኛው መታጠፊያ ድረስ አንዱ ላይ ቁጥር፣ ሌላው ላይ የዓረብኛ ፊደል፣ ጥጉ ላይ ደግሞ ጅራቷ ከእግሯ የረዘመ ድመት። ልጄ ሀያት ትናንት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ምድር ቤት የሚኖሩትን የሱዳናውያኑን ልጆች ሰብስባ ስታስጠና ድምፃቸውን ሰምቼ ነበር፤ ደረጃውን እንዲህ አድርገውት መሄዳቸውን ግን አላየሁም።

ቀኑ የውሃ ቀን ነው። እዚህ ዮርዳኖስ፣ አማን ውስጥ ውሃ በየቀኑ አይመጣም፤ በሳምንት አንዴ ሲለቀቅ ጣሪያ ላይ ያለው ታንከር ሞልቶ መፍሰስ ይጀምራል፣ ያኔ ሰፈሩ ሁሉ ባልዲ ያነሣል። እኔም ባልዲዬን ሞልቼ፣ ጨርቄን ጨምቄ ወጣሁ። ከዚያ እጄ እምቢ አለኝ። ደረጃ ማጠብ እንጀራዬ ነው፤ በሰዓት እየሠራሁ የስንት ሕንፃ ደረጃ አጥቤ ይሆን? የራሴ በር ፊት ግን እንዳጎነበስኩ ቀረሁ። መደምሰሱ ልክ አልመሰለኝም፤ መተዉም ልክ አልመሰለኝም። ከታች የአከራያችን የሐጂ በር ሲከፈት ሰማሁ።

ይህ ግራ መጋባት የኮሮና ጊዜ የጀመረኝ ነው። ሥሩ እንኳ ከዚያም በፊት ነው፤ እደርስበታለሁ።

ያኔ ሠላሳ ዓመት አልሞላኝም። እዚሁ ማርካ ሰፈር ውስጥ ከሁለት የአገሬ ልጆች ጋር አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። ሀያት እዚህ ተወልዳ እዚህ ያደገች የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች፤ አባቷ እርሷ መራመድ ሳትጀምር ሌላ አገር እሠራለሁ ብሎ ሄዶ በዚያው ቀረ። የመኖሪያ ወረቀታችን የተሟላ ስላልነበረ መደበኛ ትምህርት ቤት ላስገባት አልቻልኩም። እንደ እርሷ ያሉ የስደተኛ ልጆች የሚማሩባት አንዲት ትንሽ ትምህርት ቤት ነበረች፣ እዚያ ትማር ነበር። በሽታው መጥቶ ሁሉ ሲዘጋ መምህራኑ እንዲህ ብለው ነገሩን፦ በሩ ሲከፈት ፈተና ይኖራል፤ ያለፈ ልጅ ወረቀት ባይሟላለትም ወደ መደበኛ ትምህርት ቤት ይዛወራል፤ ትንሿ ትምህርት ቤት ግን ከዚያ በኋላ አትቀጥልም። ሀያት ካላለፈች የምትሄድበት የለም ማለት ነው።

ሀያት ዓረብኛ ስትናገር ውሃ ናት፤ ከአገሬው ልጆች አትለይም። ማንበብና መጻፍ ላይ ግን ትወላከፋለች። እኔ ደግሞ ላግዛት አልችልም። ትምህርቴን ያቋረጥኩት ከአራተኛ ክፍል ነው፣ ያውም በአማርኛ። ዓረብኛን በጆሮዬና በምላሴ እንጂ በዓይኔ አላውቀውም ነበር። ትምህርቱ በስልክ ይላካል ቢባልም የእኔ ስልክ መስታወቱ ተሰነጣጥቆ በእርሱ ያየነው ፊደል ሁሉ የተሰበረ ሸክላ ይመስል ነበር።

ሥራ ቆመ። ማዳሞቻችን ሰው ቤታቸው እንዳይገባ ፈሩ። አንድ ቀን አብራን የምትኖረው ሰዓዳ ክሎርን ከሌላ ማጽጃ ጋር ደባልቃ ሽንት ቤቱን ስታጥብ ጉሮሮዋን ይዟት ስትስል ዋለች። ጽዳት የሚሠራ ሰው ይህን ሳል ያውቀዋል፤ አየር ሲያገኝ ይለቃል። ያኔ የነበረው አከራያችን ግን በር ላይ ቆሞ አዳመጠ። ገብቶ እንኳ አላየንም፤ ከውጭ ሆኖ ኸላስ፣ በቃ፣ ዛሬውኑ ውጡልኝ አለ። ሰዓዳና ጓደኛዋ ዘመድ ጋ ተጠጉ። ልጅ ይዞ ለሚመጣ ግን በዚያ ጊዜ ማን በር ይከፍታል?

አውቶቡስ የለም፣ ታክሲ የለም። ከማርካ እስከ ሽሜሳኒ ሰፈር በእግራችን ሄድን። ሁልጊዜ መኪና የሚጨናነቅበት መንገድ ጭር ብሎ ድመቶች መሐል አስፋልት ላይ ተጋድመው ፀሐይ ይሞቁ ነበር። ከየግቢው አጥር በላይ የአስካዲኒያ ዛፎች ቅርንጫፋቸውን አውጥተዋል። ሲበስል ቢጫ የሚሆን፣ ጣፋጭም ኮምጣጣም የሆነ ፍሬ ነው፤ ያኔ ገና አረንጓዴ ነበር። ሀያት ቦርሳዋን እንዳዘለች ቀና ብላ፣

“እማ፣ አሁን ቤታችን የት ነው?” አለችኝ።

“እየሄድንበት ነው” አልኳት።

እውነቱን ለመናገር የት እንደምንሄድ በደንብ አላውቅም ነበር። የማውቀው የሰዓት እላፊው የሳይረን ጩኸት ሳይሰማ ጣሪያ ሥር መግባት እንዳለብን ነው። ያ ጩኸት አመሻሹ ላይ ከተማውን ሲያናውጠው ቤት ያለው ሰው ቤቱ ይገባል። ቤት የሌለው ሰው ምን እንደሚያደርግ ግን ማንም አልነገረንም።

ሽሜሳኒ ውስጥ ደረጃውን የማጥበው አንድ ሕንፃ ነበር። ዘበኛው፣ እዚህ አገር ሐሪስ የሚሉት፣ አቡ ሰይድ የተባለ ግብፃዊ ነው። ሲያየን ምንም ሳይጠይቅ ለሀያት ዘዕተር የሚሉት ቅመምና ዘይት የተቀባ ዳቦ ሰጣት። ከዚያ ምድር ቤት፣ የሕንፃው ማሞቂያ ያለበትን ክፍል ከፈተልን። ክፍሉ ናፍጣ ይሸታል፤ ልብሳችንም ፀጉራችንም ናፍጣ ናፍጣ እንዳለ ከረመ።

“ደረጃውን እንደ ድሮው እጠቢ” አለኝ። “ነዋሪዎቹ አጣቢዋ መጣች ይበሉ። ልጅ ይዘሽ እዚህ እንደምትኖሪ ካወቁ ግን አንቺም ትወጫለሽ፣ እኔም ተከትዬሽ እወጣለሁ።”

ይህ ለእኔ አዲስ ትእዛዝ አልነበረም። ያደግኩት እንዲህ ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ እናቴና እኔ የአንድ ጨርቅ ሻጭ በረንዳ ላይ እናድር ነበር። እናቴ ቀደም ብላ ትቀሰቅሰኝና የተኛንበትን ትጠርጋለች፤ ባለሱቁ ሲመጣ ሰው ማደሩ እንዳይታወቅ። “ደሀ ዱካው ካልታየ ይኖራል” ትለኝ ነበር። ደብተር ስለማይበቃኝ ከሰል ለቅሜ የቤት ሥራዬን ሲሚንቶው ላይ እሠራለሁ፤ እርሷ ታጥበዋለች። አንድ ቀን ግድግዳው ጥግ የጻፍኳት አንዲት መስመር አመለጠቻት። ባለሱቁ አያት። በዚያው ቀን ከበረንዳው ተባረርን፤ ከከተማው ወዲያ ማዶ ሌላ ማደሪያ ስንፈልግ ትምህርቱም በዚያው ቀረ። ፊደል ያስባርራል የሚል ነገር ልቤ ውስጥ ተቀመጠ። ሞኝነት መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን የተባረረ ልጅ ይዞት የሚያድገው እንዲህ ያለ ነገር ነው።

ሽሜሳኒ በገባን በጥቂት ቀን ውስጥ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ በአንድ በር ፊት፣ በጠመኔ የተጻፈ አየሁ። መዳፍ የሚያህሉ የዓረብኛ ፊደላት። ክው አልኩ። የነዋሪ ልጆች የጻፉት ነው ብዬ አሰብኩ፤ ግን የሕንፃው ሰዎች ማን ጻፈው ብለው ቢፈልጉ የሚያገኙት እኛን ነው። ቶሎ ብዬ በክሎር ደመሰስኩት። በማግስቱ እንደገና ተጽፏል። ደመሰስኩት። እንደገና። ሰው ሁሉ በሩን ዘግቶ ተቀምጧል፣ ደረጃው ላይ የሚተላለፍ የለም፣ ታዲያ ማን ነው? ሀያትን ጠየቅኳት፤ ደብተሯን ከፍታ ገጽ መቁጠር ጀመረች። ለወትሮው ለሁሉ ነገር መልስ የማታጣ ልጅ እንዲህ መሆኗ ይበልጥ አደናገረኝ።

አንድ ጠዋት ተንበርክኬ ስፈገፍግ ከበሩ ጀርባ የአንዲት አሮጊት ድምፅ መጣ።

“ኡም ሀያት፣ ምን በድዬሽ ነው?”

ጨርቁ እጄ ላይ ቀረ። እዚህ አገር እናትን በልጇ ስም ነው የሚጠሩት፤ የልጄን ስም ግን ማን ነገራቸው?

“የምትደመስሺው አንቺ ነሽ ለካ” አሉ ከውስጥ። “እኔ ልጅቷ ሰነፈች ብዬ እየተቆጣኋት ነው። ጽፌያለሁ ትለኛለች፤ መነጽሬን ፈልጌ እስክመጣ ወለሉ ባዶ ነው።”

ነገሩን የተረዳሁት ቀስ በቀስ ነው። ጡረታ የወጡ የዓረብኛ አስተማሪ ነበሩ፤ ሀያት ሚስ ናዲያ ትላቸዋለች፣ የዚህ አገር ተማሪ አስተማሪውን እንደሚጠራው። ልጃቸው በሽታውን ፈርቶ ለማንም በር እንዳይከፍቱ አስምሏቸዋል። እኔ ከክፍሉ እንዳትወጪ ብዬ ዳቦ ሰልፍ ስሄድ ሀያት ቀስ ብላ ደረጃውን ትወጣለች። በራቸው ላይ ያለውን የስም ሰሌዳ ፊደል በፊደል ለማንበብ ስትታገል ሰሟት፤ “ተሳስተሻል፣ እንደገና” ብለው ከውስጥ አረሟት። ከዚያ በበሩ ሥር ጠመኔ አሳለፉላት። እርሷ ወለሉ ላይ ትጽፋለች፣ እርሳቸው በሩ ላይ ባለችው የመስታወት ቀዳዳ ያያሉ። ዓይናቸው ደካማ ስለሆነ ፊደሉ ትልቅ መሆን ነበረበት።

እኔ ግን በዚያች ሰዓት የገባኝ መታወቃችን ብቻ ነው።

“ሚስ፣ እንወጣለን፤ ለነዋሪዎቹ ብቻ አይንገሩብን” አልኳቸው።

“የት ልትሄዱ? ገና ግሥ ላይ ነን” አሉኝ። “ማጠቡን እጠቢ፣ ሥራሽ ነው። ግን ከዙህር በኋላ።”

ወርጄ ዕቃችንን መሰብሰብ ጀመርኩ። መልሼ ፈታሁት። እንደገና ሰበሰብኩት። ዱካችን ታይቷል፤ የእናቴ ነገር እውነት ከሆነ ሌላ ሰው ሳያውቅ መሄድ አለብን። ከሄድን ደግሞ ፈተናውስ? ሀያት ማሞቂያው አጠገብ ተቀምጣ ስታየኝ ቆየችና፣ “እማ፣ እኔን እኮ ነው የምትደመስሺኝ” አለች። የልጅ ነገር ነው ብዬ ልተወው ሞከርኩ፤ እርሱ ግን አልተወኝም። ቦርሳውን ፈትቼ ልብሳችንን መልሼ ሰቀልኩት። ልክ ይሁን ስህተት አላውቅም ነበር።

ከዚያ በኋላ ጠዋት ይጻፋል፣ ከዙህር፣ ከቀትሩ ሶላት፣ በኋላ ይታጠባል። እኔ ደረቅ ደረጃ እየወለወልኩ ዘብ እቆማለሁ። ረመዳን ገባ። መስጊዱ ዝግ ነው፤ አዛኑ ግን በየቤታችሁ ስገዱ እያለ ይጠራል። አንዳንድ ቀን ከአፍጥር በፊት ከሚስ ናዲያ በር ፊት ቀጣይፍ የሚሉት የረመዳን ጣፋጭ የተደረደረበት ሳህን ተቀምጦ እናገኛለን፤ ለውዙ ከላይ፣ ሽሮፑ ገና ሞቅ ያለ። ስናየው በሩ ግን ዝግ ነው።

አንድ ጠዋት ሁሉም ሙሀንዲስ የሚሏቸው የሕንፃው ኮሚቴ ሰብሳቢ ጣሪያ ላይ ታንከራቸውን ሊያዩ ወጡ። ታችኛው መታጠፊያ ላይ ነበርኩ፤ እርሳቸውን ላስቆም አልችልም፣ ሀያትንም ልጠራት አልደፈርኩም። ደርሰው ቆሙ። ሀያት እንደተንበረከከች ጠመኔዋን ይዛ ቀረች።

“ይህቺ የማን ልጅ ናት? ይህስ ምንድን ነው?”

ጨርቄን ጥዬ ወደ እነርሱ ወጣሁ። ከበሩ ጀርባ ሚስ ናዲያ ረጋ ብለው መለሱ።

“ተማሪዬ ናት። እግርህን አንሣ ሙሀንዲስ፤ ግሡ ላይ ቆመሃል።”

ሰውዬው ዝቅ ብለው ጫማቸውን አዩ። እግራቸውን አነሡ። ከዚያ ኩሬ እንደሚሻገር ሰው ባዶ ባዶውን እየረገጡ አለፉ። ሲመለሱም እንደዚያው።

ያን ቀን ሙሉ የሚመጣብንን ጠበቅኩ። አቡ ሰይድም ጠበቀ፤ ቀልድ የማያጣው ሰው ቀልዱ ጠፋበት። የመጣ የለም። በማግስቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንዲት የልጅ ወንበር ተቀምጣ አገኘን። አቡ ሰይድ እኔ አይደለሁም ብሎ ማለ። ሚስ ናዲያ በሬን አልከፈትኩም አሉ። ሙሀንዲሱን መጠየቅ አልደፈርኩም። ማን እንዳስቀመጣት እስከ ዛሬ አላውቅም። ሰው ሊያባርረኝ ሲመጣ ምን እንደማደርግ አውቃለሁ፤ ወንበር ሲያስቀምጥልኝ ግን ምን እንደማደርግ የነገረኝ የለም። ሀያት ተቀመጠችባት። እኔ ወለወልኳት።

አስካዲኒያው በስሎ ገበያ ከወጣ በኋላ ፈተናው ተሰጠ። ያኔ ሥራም ቀስ በቀስ ተመልሶ፣ ማርካ ይህችን ክፍል አግኝተን ነበር። ውጭ ቁጭ ብዬ ስጠብቅ ፈታኟ ወጥታ ልጅሽ ወረቀት ጨረሰች አለችኝ። ሀያት በአንድ ገጽ ሦስት ቃል ብቻ ነበር የጻፈችው፣ ከሩቅ እንዲታይ። ላስረዳት ሞከርኩ፤ በር፣ ቀዳዳ፣ አሮጊት፣ ደረጃ እያልኩ ጭራሽ አምታታሁባት። ብቻ ሌላ ወረቀት ሰጠቻት። ሀያት አለፈች።

ለሚስ ናዲያ ልንነግራቸው አስካዲኒያ ገዝተን ሽሜሳኒ ሄድን። ብናንኳኳ መልስ የለም። አቡ ሰይድ ልጃቸው መጥቶ ወደ ቤቱ እንደወሰዳቸው ነገረን፤ የት እንደሆነ አያውቅም። ሀያት ከቦርሳዋ ጠመኔ አወጣችና በሩ ፊት ትልቅ አድርጋ ጻፈች። ምን እንደሚል ጠየቅኳት። “አለፍኩ ነው የሚለው” አለችኝ። ያን ቀን ባልዲ አልያዝኩም ነበር።

የሚስ ናዲያን ፊት አንድም ቀን አላየሁም። ዛሬም ለሥራ ተላዕ አል-ዓሊ ወደሚባለው ሰፈር ስሄድ መነጽር ያደረጉ አሮጊት ካየሁ ጠጋ ብዬ እስኪናገሩ እጠብቃለሁ። በድምፅ ካልሆነ አላውቃቸውምና።

ሀያት አሁን ሁለተኛ ደረጃ ናት። እኔም ማታ ማታ ከደብተሯ ጎን እየተቀመጥኩ ፊደሉን ለየሁ። ጓደኞቼ ልጅሽ በትምህርት አወጣችሽ ይሉኛል። ይሆናል። እናቴ ዱካሽን አጥፊ ስትለኝ ልታኖረኝ ብላ ነው፤ ሚስ ናዲያ እስከ ዙህር አትደምስሺ ሲሉኝም ሊያኖሩን ብለው ነው። ሁለቱም አልዋሹኝም። እንዴት እንደማስታርቃቸው ግን ዛሬም አላውቅም።

ዛሬ ጠዋት ጨርቄን እንደያዝኩ ጎንበስ ብዬ የላይኛውን ደረጃ አነበብኩት። “ልጅቷ በሩን ከፈተች” ይላል። ሐጂ እየተነፈሱ ወጥተው መታጠፊያው ላይ ቆሙ።

“ኡም ሀያት፣ ደረጃው ምን ሆኖ ነው? ዛሬ እኮ የውሃ ቀን ነው።”

ልቤ እንደ ድሮው ወደ በረንዳው ሮጠ። አፌ ግን ሳያማክረኝ፣

“ከዙህር በኋላ ይታጠባል፣ ሐጂ” አለ።

እኔን አዩኝ፣ ደረጃውን አዩ፣ ድመቷን አዩ። ከዚያ ዞረው ወረዱ። ተቆጥተው ይሁን ተስማምተው አልገባኝም። ባልዲው በሩ አጠገብ እንደተቀመጠ ነው፤ ዙህር ገና አልደረሰም።