ፍሬው ከእኔ፣ ኖራው ከእሷ

ሽማግሌው በየገበያው ቀን ቲሞር ደሴትን ለሁለት የሚከፍለው ድንበር ላይ ካለው ኬላ አጠገብ፣ ከወንዙ ዳር ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ። ሰው ሁሉ እንደ ጫት የሚታኘከውን የአሬካ ፍሬ ከኖራ ዱቄት ጋር አኝኮ ቀይ ሲተፋ፣ ያለ ኖራ የሚያኝኩት የእሳቸው ምራቅ ነጭ ነው።

«አባባ፣ ኖራ ልስጥዎት?» አላቸው ጠባቂው ፊሎሜኖ።

«ተወኝ ልጄ። ፍሬው ከእኔ፣ ኖራው ማዶ ከተዳረችው እህቴ ነው፤ ድሮም እንዲህ ነን። ፖርቱጋልና ሆላንድ ተፈራርመው ወንዙን ወሰን ሲያደርጉት አያቶቻችንን ማን አማከረ? ይኸው አንተም ያለ ወረቀት አትሻገርም ትለኛለህ።»

ፊሎሜኖ ወደ ማዶ ተመለከተ። አሮጊቷ እህታቸው የገበያ ቀን ፈቃድ ቢኖራቸውም ከክረምቱ ወዲህ ተሻግረው አያውቁም።

«ዛሬም ቀሩ እኮ፣ አባባ።»

«እግሯን አሟት ይሆናል» አሉ። ፍሬውን በጥርሳቸው ለሁለት ከፍለው ግማሹን ድንጋዩ ላይ አኖሩላትና ባርኔጣቸውን አንሥተው ሄዱ።

ባለፈው ገበያ ያኖሩላት ግማሽ ደርቆ እዚያው ነበር።